አርቲስቱ ወገንተኛ ነው ወይስ አባል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። የትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ ኃላፊ ነኝ። ልጆቹ ከትወና ወደ ፖለቲካ ስለገቡ ሰዎች የግድግዳ ጋዜጣ እያዘጋጁ ነው። በየፎቶው ሥር «የፓርቲ ወገንተኝነት» የሚል መስመር አስገባሁ፤ ከእንግሊዝኛ መረጃ ላይ ተርጉሜ። የሥነ ዜጋ መምህሩ አይቶ «ሰዎቹን እኮ ሰደብሻቸው» አለኝ። እውነት ስድብ ነው? ደግሞስ ሰውየው ፖለቲካ ከገባ በኋላ ተዋናይ ነው፣ የቀድሞ ተዋናይ ነው ወይስ አርቲስት? አንዱ ልጅ ደግሞ «ከመቼ ጀምሮ ነው አንቱ የምንላቸው?» ብሎ ጠየቀኝና መልስ አጣሁ። ረቂቁን አያይዣለሁ።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ የአሜሪካውን ሬገንን ከህንዱ አሚታብ ባቻን፣ አሚታብን ከእኛው ደበበ እሸቱ ጋር ማሰለፍ ጥሩ ሐሳብ ነው። አሁን ወደ ጥያቄዎ ልግባ።

የሥራ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። «ወገን» ራሱ ደግ ቃል ነው። «ወገኔ» ስንል ዘመዳችን ማለታችን ነው፤ «ወገን ደራሽ» የሚባለው በችግር ጊዜ የሚደርስ ነው። «ወገንተኛ» ስንል ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚሁ ከተማችን ላሳይዎ። ፋሲል ከነማ ሲጫወት ስታዲየም ገብቶ ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚጮኸውን ልጅ ማን «ወገንተኛ» ይለዋል? ማንም። እሱ ደጋፊ ነው። ያለአግባብ ፍጹም ቅጣት ምት የሰጠውን ዳኛ ግን ወገንተኛ እንለዋለን። ልጁም ዳኛውም ለአንድ ቡድን አድልተዋል። ልዩነቱ ዳኛው ማዳላት አልነበረበትም።

እንግዲህ «ወገንተኛ» ውስጥ የተደበቀ ክስ አለ። ከወገን ርቆ መቆም የሚገባው ሰው ወደ አንዱ አዘነበለ ማለት ነው። ለዳኛ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለምርጫ አስፈጻሚ፣ ለወታደር የሚነገረው ለዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ ሥራውን ከየትኛውም የፖለቲካ ድርጅት ሳይወግን እንዲሠራ ያዛል። ተዋናይ ግን ዳኛ አይደለም። ፓርቲ መግባት እንደማንኛውም ዜጋ መብቱ ነው። ከፎቶው ሥር «ወገንተኝነት» ብለው ሲጽፉ ሳያስቡት ጥፋተኛ አድርገውታል። (ቃሉ «ሕዝባዊ» የሚል ቅጽል ሲቀድመው ምስጋና ይሆናል፤ «ሕዝባዊ ወገንተኝነት» ሲባል ሰምተዋል። ይህ ግን ከቅጽሉ የመጣ ነው። ቅጽሉን ሲያነሱት ክሱ ይመለሳል።)

ታዲያ ምን ይባል? እኛ ጎንደሮች ሰው የየት እንደሆነ ያለ ክስ የምንጠይቅበት ቃል ከጥንት አለን፤ «ቤት»። የመጻሕፍት ትርጓሜ የተማረን ሰው ከሁለቱ የትርጓሜ ትምህርት ቤቶች የየትኛው እንደሆነ ለማወቅ «የላይ ቤት ነህ የታች ቤት?» ብለን እንጠይቃለን። ሰውየው ደስ ብሎት ይመልሳል። መምህሬ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ ብሎ ነው የሚያስበው። ለፓርቲ «ቤት» በሉ አልልም፤ አይሄድም። ግን ያንን መንፈስ ይያዙ። የጠየቅነው የት እንደተመዘገበ ብቻ ነው። ለዚያ «የፓርቲ አባልነት» ይበቃል። ወይም ጭራሽ «ፓርቲ፦» ብለው ሁለት ነጥብ ያድርጉና ስሙን ይጻፉ።

«አባልነት» ሲሉም ይጠንቀቁ። አባል የተመዘገበ ነው። ደጋፊ ሳይመዘገብ የሚደግፍ ነው። እጩ ለመመረጥ የቀረበ ነው፤ የግልም ሊሆን ይችላል። እኛ ሰፈር ቡና ላይ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቃል ያልቃሉ፤ «የእነ እገሌ ሰው ነው»። በወሬ ምንም አይደል። በጽሑፍ ግን በአገራችን በ«ደጋፊ» እና በ«አባል» መካከል ያለው ርቀት የሰው ሕይወት የነካ ርቀት ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ አንድ ቀን ስለ አንድ ፓርቲ የተናገረን አርቲስት ሳያጣሩ «አባል» አይበሉት።

በረቂቁ ላይ ስለ አሚታብ «በኮንግረስ ትኬት አሸነፈ» ይላል። ትኬት የአውቶቡስና የሲኒማ ነው። በአማርኛ «ኮንግረስ ፓርቲን ወክሎ ተወዳደረ» እንላለን። ታሪኩም እንዲህ ነው፤ አሚታብ በ1984 እ.ኤ.አ. ከአላሃባድ ለፓርላማ ተመረጠ፣ በ1987 ወንበሩን ለቀቀ።

አሁን ወደ ከባዱ ግስ። ስለ ሬገን «ከዴሞክራት የከዳ» ብላችኋል። «ከዳ» ከባድ ቃል ነው። ጓደኛ ይከዳል፤ ወታደር ይከዳል። «ተገለበጠ» ደግሞ የመንደር ቃል ነው፤ ያሾፋል። «ኮበለለ» ከቤቱ የጠፋ ልጅን ያስታውሳል። «ጎራ ቀየረ» ሲባል ጦር ሜዳ ይታየናል። ፍርድ የሌለባቸው ግሶች ትንንሾቹ ናቸው፤ ገባ፣ ወጣ፣ ለቀቀ፣ ቀየረ። ጋዜጠኞች «ተቀላቀለ» ይወዳሉ፤ ስህተት የለበትም። ሬገን ረጅም ዘመን ዴሞክራት ነበሩ፤ በ1962 ሪፐብሊካን ሆነው ተመዘገቡ። እሳቸው ራሳቸው እኔ ፓርቲውን አልተውኩትም፣ ፓርቲው ነው የተወኝ ይሉ ነበር። የግስ ጉዳይ የዋዛ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። «ተወ» የሚለውን ሳይለውጡ ባለቤቱን ብቻ ገለበጡት፤ ጥፋቱ ወደ ፓርቲው ዞረ። «ከዳ» ብለን ብንጽፍ ለአንደኛው ወገን ፈረድን ማለት ነው። ልጆቹ ደግሞ ፍርድ ለመስጠት አልተነሡም።

የህንዱን ሻትሩጋን ሲንሃን ብትጨምሩት ልምምዱ ይሟላል። መጀመሪያ ባራቲያ ጃናታ ፓርቲ ነበር። በ2019 ወደ ኮንግረስ ገባ። በ2022 ደግሞ ወደ ትሪናሙል ኮንግረስ። ልጆቹ ይህን ያለ «ከዳ» እና ያለ «ተገለበጠ» በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። ያኔ ፍርዱን አንባቢው ራሱ ይሰጣል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ «ተዋናይ»ን የሚመለከት ነው። ቃሉ ከግዕዙ «ተዋነየ» የመጣ ነው፤ ተጫወተ ማለት። «ተውኔት»ም ከዚያው ነው። በቅኔ ቤት ደግሞ ተዋነይ የታላቅ ባለቅኔ ስም ነው፤ የጎንጁን ተዋነይ ያላነሣ የቅኔ ተማሪ የለም። ስለዚህ ተዋናይ የሚለው ቃል የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ፖለቲካ የገባውን ሰው ለማክበር ብለው ሊደብቁት አይገባም።

«አርቲስት» አማርኛ ውስጥ ሰፊ ነው። ዘፋኙም፣ ኮሜዲያኑም፣ ሠዓሊውም ይገባበታል። እንዲያውም እንደ «አቶ» ከስም በፊት የሚቀመጥ መጠሪያ ሆኗል። የእናንተ ጋዜጣ ስለ ትወና ስለሆነ «ተዋናይ» ይሻላል። «አክተር» ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደግን ሰዎች አክተር የምንለው ማንኛውንም ተዋናይ አልነበረም። አክተር አንድ ነው፤ ዋናው ጀግና። ሌላው ሁሉ «የአክተሩ ጓደኛ» ወይም «ወንበዴው» ነበር። ፊልሙ ቢጨንቀን እንኳ አንድ ትልቅ ልጅ «አይዟችሁ፣ አክተሩ አይሞትም» ይለናል። ያ ቃል ለጽሑፋችሁ አይሆንም፤ የአድናቂ ቃል ነው።

«የፖለቲካ ተዋናይ» የሚለውን የዜና ሐረግ ግን ከረቂቁ ያውጡት። ሌላ ቦታ ይሁን፤ ማንም ይገባዋል። ስለ እውነተኛ ተዋናዮች በሚያወራ ገጽ ላይ ግን አንባቢው ሰውየው ፖለቲካውን እየተወነ ነው የተባለ ይመስለዋል። «መድረክ»ም እንዲሁ ነው። «በ2002ቱ ምርጫ መድረክ ገባ» ብትሉ ቲያትር ሠራ ነው ወይስ መድረክ የተባለውን የፓርቲዎች ግንባር ተቀላቀለ? የፓርቲ ስም ሲሆን በትእምርተ ጥቅስ ያድርጉት። የዩክሬኑ ዘለንስኪ ፓርቲ ስምም ይህን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «የሕዝብ አገልጋይ» የሚለው ስም ዘለንስኪ ራሱ ፕሬዝዳንት ሆኖ ከሠራበት የቴሌቪዥን ድራማ የተወሰደ ነው። ያለ ጥቅስ «የሕዝብ አገልጋይ ሆኖ በ2019 ተመረጠ» ብትጽፉ ምስጋና ይመስላል።

«የቀድሞ»ስ? «የቀድሞ» የሹመት ቃል ነው። የቀድሞ ሚኒስትር፣ የቀድሞ ከንቲባ እንላለን፤ ሹመት ይሻራልና። ሙያ አይሻርም። «የቀድሞ ሸማኔ» ሲባል ሰምተው ያውቃሉ? «ሸማኔ ነበር» ነው የሚባለው። እንግሊዛዊቷን ግሌንዳ ጃክሰንን ይመልከቱ። ሁለት ጊዜ ኦስካር ያገኘች፣ በ2023 ያረፈች ተዋናይት ነበረች። በ1992 ሌበር ፓርቲን ወክላ ፓርላማ ገባች፣ እስከ 2015 ቆየች። በ2016 ወደ ቲያትር ተመለሰች። በፓርላማ ዘመኗ «የቀድሞ ተዋናይት» ብላችሁ ብትጽፉ ኖሮ ኋላ ልትሰርዙት ነበር። «ተዋናይት የነበረችው» ይሻላል፤ የበለጠ ደግሞ «ከትወና ወደ ፖለቲካ የገባችው»።

የልጁን ጥያቄ መጨረሻ ያስቀመጥኩት በጣም ስለወደድኩት ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው አንቱ የምንላቸው?» እስቲ ዜና ያዳምጡ። አርቲስት ሲሆን «አርቲስቱ ገለጸ» ይባላል። ሚኒስትር ሲሆን «ሚኒስትሩ ገለጹ»። አርቲስቱ ሰባ ዓመት ቢሆነውም፣ ሚኒስትሩ አርባ ባይሞላውም። ይህ አርቲስትን ከመናቅ አይመስለኝም፤ የቤታችን ሰው ስለምናደርገው ነው። በ«ጋሼ»ም ያው ነው፤ «ጋሼ መጣ» ሲባል ፍቅርም አክብሮትም አለ፣ አንቱታ ግን የለም።

ችግሩ የሚመጣው ሰውየው በአንድ አንቀጽ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። በረቂቃችሁ ሬገን በአንደኛው መስመር «ተወነ»፣ በሁለተኛው «ተወዳደረ»፣ በሦስተኛው «ተመረጡ» ሆነዋል። አክብሮቱ ከወንበሩ ጋር የመጣ መሰለ። ወንበሩን ሲለቁስ ልንነጥቃቸው ነው?

እኛ አገር ይህ ሽግግር ሳይጎረብጥ የሚያልፍበት አንድ ተረክ አለ። አያቶቻችን ስለ ቋራው ካሳ ሲያወሩ «ካሳ ሸፈተ፣ ካሳ ወጋ፣ ካሳ አሸነፈ» ይላሉ። ከዚያ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ይደፋሉ፤ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጀምሮ «ዐፄ ቴዎድሮስ አሉ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመቱ» ነው። ጆሯችን አይደነግጥም። ለምን? ስሙም አብሮ ተቀይሯላ። ካሳ ሌላ፣ ቴዎድሮስ ሌላ ሰው ያህል ናቸው። ተዋናይ ግን ፖለቲካ ሲገባ ስሙን አይቀይርም። ሬገን ሬገን ናቸው፤ ደበበ ደበበ ናቸው።

ስለዚህ ለልጁ እንዲህ ይበሉት፤ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ አንዱን ምረጥና እስከ መጨረሻው ያዝ። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጋዜጣ እኔ አንቱታን እመርጣለሁ። የሚጽፈው ስለ ታላላቆቹ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚያነቡትም ወላጆች ናቸው። እኔ ራሴ ከላይ አሚታብን «ተመረጠ» ብዬ ሬገንን «ተመዘገቡ» ብያለሁ። አሚታብ ከልጅነታችን ጀምሮ የእኛ ልጅ ስለሆነ እጄ እምቢ አለ። በልጆቹ ጋዜጣ ላይ ግን እሱንም አንቱ በሉት።

ሦስቱን መግለጫዎች እንዲህ አስተካክያቸዋለሁ። የውጭዎቹ ዓመቶች እ.ኤ.አ. ስለሆኑ ከጋዜጣው ሥር አንድ ጊዜ ይጻፉት።

«ሮናልድ ሬገን። ተዋናይ ነበሩ። ፓርቲ፦ መጀመሪያ ዴሞክራቲክ፣ ከ1962 ጀምሮ ሪፐብሊካን። ከ1967 እስከ 1975 የካሊፎርኒያ ገዥ፣ ከ1981 እስከ 1989 የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሆኑ።»

«አሚታብ ባቻን። ተዋናይ ናቸው። ፓርቲ፦ ኮንግረስ። በ1984 ከአላሃባድ ለፓርላማ ተመረጡ፤ በ1987 ለቀቁ።»

«ደበበ እሸቱ። በመድረክም በፊልምም የታወቁ ተዋናይ። ፓርቲ፦ ‹ቅንጅት›። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ከፓርቲው መሪዎች ጋር ታሰሩ።»

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከመለጠፉ በፊት። ርዕሱ ላይ «ፖለቲካ የገቡ ተዋንያኖች» ይላል። «ተዋንያን» ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ «ኖች» ሲጨመርበት ሁለት ጊዜ በዛ። «ተዋንያን» ወይም «ተዋናዮች» ይበሉት። በትልቁ የተጻፈው እሱ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየውም እሱ ነው።