መልስ፦ ጫት የለመደውን የወንድሜን ልጅ ወደ ክረምት ካምፕ ልላከው?

ደብረ ብርሃን ወዳለው የቤተ ክርስቲያን ካምፕ ላኪው፣ ግን አታልላችሁ አይሁን። «ዘመድ ጥየቃ ነው ብለን ደብረ ብርሃን እናውርደው» ያልሽው አያዋጣም። 17 ዓመት የሞላው ልጅ እንደተታለለ ሲገባው አጥር ዘሎ ይሄዳል፣ ሌላውንም ያሸፍታል።

ከጉዞው በፊት ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ለብቻው ሻይ እየጠጡ ያናግረው፤ እናንተ ባትኖሩ ይሻላል። ጫቱንም ለአስተባባሪው ሳትደብቂ ንገሪው። ጫት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደክመዋል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ይቃዣል፣ ይርበዋል፣ ይነጫነጫል። ይህን የማያውቅ መሪ «ሰነፍ፣ ጸሎት ጠል» ብሎ በሰው ፊት ይገሥጸዋል፤ ልጁ የሚጠፋውም ያኔ ነው። ካምፑ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከዋለ ፍልሰታ ስለሆነ፣ የጾሙን ሰዓት ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስብከት ብቻ የሞላበት መርሐ ግብር ከሆነ ይቅርበት። እንጨት መፍለጥ፣ ውኃ መቅዳት፣ ወጥ መሥራት በተራ የሚደርሰው ከሆነ ግን ከእኩዮቹ ጋር ሳይገደድ ያወራል።

ስንቁ፦ ጋቢ፣ ቦቲ ጫማ፣ ትርፍ ካልሲ፣ የዝናብ ልብስ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የሐምሌ ብርዱ ቀልድ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከጫቱ ጋር አረቄም በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ውሰጂው። አረቄ በድንገት ሲቆም ከጥቂት ሰዓታት እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ያመጣል። ጠበል ቦታም ሆነ ካምፕ ውስጥ ይህ ሲደርስ ሰው መንፈስ ነው ብሎ ሕክምናውን ያዘገያል፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል።

የትምህርት ቤት ምዝገባውን ሳይመለስ ጨርሺለት።