ከባዱን ክፍል ጠይቁ

ልጆቼ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ኤም ስትሪት ላይ፣ ከኖርዝ ካፒቶል ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የቀይ ሸክላ ሕንፃ አለ። ስንቶቻችን በታክሲም በእግርም በአጠገቡ አልፈናል! እ.ኤ.አ. በ1891 ተሠርቶ ያለቀው ለጥቁር ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሆን ነው፤ ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው መማር በማይችሉበት ዘመን። ትምህርት ቤቱ በ1916 ዳንባር ተብሎ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ሕንፃው ግን ዛሬም አለ።

አስተማሪዎቹን ነው የማደንቀው። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው የነጮቹ ኮሌጆች በር የዘጉባቸው ሰዎች ነበሩ። የጥቁሮች ታሪክ ምሁሩ ካርተር ዉድሰን በ1912 ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን ሲያገኝ እዚሁ ያስተምር ነበር።

ከሁሉም ግን አና ጁሊያ ኩፐርን እወቁልኝ። በባርነት ተወልደው በ1902 የዚህ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። ለጥቁር ልጅ የእጅ ሙያ ይበቃዋል የሚሉ በበዙበት ጊዜ እሳቸው ላቲኑንም ሒሳቡንም አልቀንስም አሉ፤ ተማሪዎቻቸውም ሃርቫርድና ብራውን ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1906 ከቦታቸው አነሷቸው። ሚዙሪ ሄደው አስተማሩና በ1910 ተመልሰው፣ ዳይሬክተር በነበሩበት ቤት ተራ የላቲን አስተማሪ ሆነው ገቡ። አስቡት፣ ከትናንት የበታቾቻቸው ጋር! የዘመድ ልጆች እያሳደጉ በ1925 ፓሪስ ከሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሲይዙ ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ ነበር። ወላጆቻችሁ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የወጣው ባለ ሥዕሉ የአሜሪካ ፓስፖርት ካላቸው ገልጣችሁ እዩት፤ የነፃነት ጉዳይ የሰው ልጅ ሁሉ ጉዳይ ነው የሚለው የኩፐር ቃል እዚያ ታትሟል።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ በምክንያት ነው። በዚህ አገር ረጅም ዘመን ሳስተምር፣ የኛ ልጆች እንግሊዝኛቸው ገና ስለሆነ ብቻ ቀላል ቀላሉ ክፍል ሲመደቡ ብዙ አይቻለሁ። በጣም ያንገበግበኛል። እናት የሌሊት ሥራ ላይ ናት፣ አባት ታክሲ ላይ ነው፣ ልጁም አንገቱን ደፍቶ የተሰጠውን ይቀበላል። እናንተ ግን ዝም አትበሉ። ካውንስለራችሁ፣ ማለትም የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ዘንድ ሂዱና በትሕትና፣ ግን ሳታፍሩ፣ «አልጀብራው ክፍል ልግባና ልሞክረው» በሉ። አይሆንም ከተባላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም ወላጅ ወይም እንግሊዝኛ የሚችል ዘመድ ይዛችሁ ግቡ። ወላጆቻችሁም አስተርጓሚ እንዲቀርብላቸው መጠየቅ መብታቸው ነው። ደግሞ ሰኔን አትጠብቁ፤ የመጪው ዓመት የትምህርት ምርጫ ብዙ ቦታ የሚሞላው ገና በብርዱ፣ ጥርና የካቲት አካባቢ ነው።