ቀኖናው የከበደው፣ ካሳው የቀረው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከወሎ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ንስሐ ናቸው። ብዙዎቹ ቀኖናን፣ ማለትም ካህኑ ከኑዛዜ በኋላ የሚሰጡትን ጾም፣ ስግደትና ጸሎት፣ ከፍለው ደረሰኝ እንደሚቀበሉበት መቀጮ ቆጥረውታል፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

«የንስሐ አባቴ 7 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾም፣ በየቀኑም 40 ስግደት ሰጡኝ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምሠራው ሌሊት ነው፤ የስኳር መድኃኒትም እወስዳለሁ። በሦስተኛው ቀን አቃተኝ። ሌላ ቄስ ዘንድ ልሂድ?»

አይሂዱ። ቀለል የሚያደርግ ቄስ ፍለጋ ከደብር ደብር መዞር ልማድ ሆኗል፤ ደግ ልማድ ግን አይደለም። ቀኖናውን ወደ ሰጡዎት አባት ተመልሰው ሕመምዎንና የሥራ ሰዓትዎን ይንገሯቸው። ሰው ሲናዘዝ ኃጢአቱን እንጂ ጤናውን አይናገርም፤ ካህኑም ያልሰሙትን አያውቁም። በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ እንኳ በ12ኛው የሕግ አንቀጹ ኤጲስ ቆጶሱ የተነሳሒውን እንባና ትጋት አይቶ እንዲያቀልለት ፈቅዷል። ጾሙ በምጽዋት፣ ስግደቱ በዳዊት ሊለወጥልዎ ይችላል፤ ለምሳሌ በየዕለቱ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ ወይም መዝሙር 50ን ብቻ።

እስከዚያው ድረስ መድኃኒቱን ውጠው ምግብ አያዘግዩ። እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ቀዝቃዛ ላብም ካጠመቀዎት ስኳርዎ ወርዷልና ሰዓት ሳይጠብቁ ጣፋጭ ይቅመሱ።

ስግደቱ ከጸናብዎ ደግሞ አቆጣጠሩን ይወቁት። የንስሐ ስግደት ቅዳሜና እሑድ፣ በጌታ ዐበይት በዓላት፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት፣ ከቆረቡም በኋላ አይሰገድም። ስለዚህ 7 ቀን ታዞ ሰኞ የጀመረ ሰው የሚጨርሰው በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው። የአምስቱን ቀን አጠራቅሞ በአንድ ሌሊት 200 የሚሰግድ አለ፤ በማግስቱ ጉልበቱ ያብጥና ቀሪውም ይቀራል።

«መርሳ ላይ እህል እነግዳለሁ። ለዓመታት በሚዛን ስሰርቅ ኖሬ ተናዘዝኩ፣ ቀኖናዬንም ፈጸምኩ። ልቤ ግን አላረፈም።»

ያላረፈው ገንዘቡ ገና እጅዎ ላይ ስላለ ነው። ዘኍልቍ 5፥6-7 ሦስት ነገር ያዛል፦ መናዘዝ፣ የወሰዱትን በሙሉ መመለስ፣ አንድ አምስተኛ መጨመር። 600 ብር ያጎደለ 720 ይመልሳል። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው በራሱ ፈቃድ ነው፤ እርስዎ ከአምስተኛው ይጀምሩ።

በመጀመሪያ ሚዛኑን ያስተካክሉ። ከዚያ የሚያውቋቸውን ደንበኞች ዘርዝረው ይመልሱላቸው። አደባባይ መውጣት አያስፈልግም፤ የንስሐ አባትዎ ስም ሳይጠሩ ሊያደርሱልዎ ይችላሉ። ባለቤቱ ከሞተ ለወራሹ ይሰጣል። ገበያተኛው መንገደኛ ከነበረና ከጠፋ ግን በንስሐ አባትዎ ምክር ለድሃ ይስጡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤት ጤፏ እንደጎደለ እያለ፣ በዚያው ገንዘብ ለታቦቱ ጃንጥላ ይገዛል።

«ሐብሩ ነው ያለነው። ወንድሜ በጠብ ሰው ገድሎ እስሩን ጨረሰ። አበጋሮች (የአገር አስታራቂ ሽማግሌዎች) አስታርቀውን የደም ካሳም ከፈልን። አሁን ቀኖና ሲባል ሁለተኛ ቅጣት አይሆንም?»

አይሆንም። እስሩ የመንግሥት ነው፤ ካሳው የሟች ቤተሰብ ነው፣ ቂሙን ያደርቃል፣ የልጆቻችሁንም ደም ያድናል። አበጋሮቹ የሠሩት ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ኦሪት ዘኍልቍ 35፥31 በፈቃዱ ለገደለ ሰው ነፍስ ቤዛ አትቀበሉ ይላል፤ በእግዚአብሔር ፊት ደም በገንዘብ አይዘጋም ማለት ነው። ገዳይ ከደም ተበቃይ የሚሸሽባቸው ስድስቱ የመማጸኛ ከተሞችም ሳያውቅ ለገደለ ብቻ ነበሩ፤ እሱም ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከዚያ አይወጣም።

የጥንቱ ጳጳስ የቂሣርያው ባስልዮስ በፈቃዱ ለገደለ የወሰነው 20 ዓመት ነበር፦ 4ቱን ከቤተ ክርስቲያን በር ውጭ ቆሞ የሚገቡትን ጸልዩልኝ እያለ ያለቅሳል፤ 5ቱን ቃሉን ሰምቶ ይወጣል፤ 7ቱን ከሚሰግዱት ጋር ይጸልያል፤ 4ቱን ከምእመናን ጋር ይቆማል፣ ግን አይቆርብም። ሳያስበው ለገደለ 10 ዓመት። ዛሬ ዘመኑን ካህኑ እንደ ሰውዬው ሁኔታ ይወስናሉ። ያን ሁሉ ዓመት ከቁርባን ያራቁት መልሰው ለማቁረብ ነበር፤ ወንድምዎም ቀኖናውን በዚህ ዓይን ይየው።

«ልጄ ታሞብኛል። በእኔ ኃጢአት ነው ይሉኛል።» (ወልድያ)

የሚሉሽን አትስሚ፣ እኅታችን። ሕዝቅኤል 18፥20 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሲጠየቅ ጌታ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሏል (ዮሐ 9፥3)። የዳዊትን ልጅ ሞት የሚጠቅሱልሽ ይኖራሉ፤ ያ ነቢዩ ናታን በቃሉ የነገረው ነው፣ ለአንቺ ናታን አልመጣም። ልጁን ጠበልም ሐኪም ቤትም ውሰጂው፤ ጠበል ተብሎ የሐኪም መድኃኒት አይቋረጥ።

«ስቅለት ላይ ጥብጠባ ከተቀበልኩ ኑዛዜ ይቀርልኛል?» (ላስታ)

አይቀርም። በወይራው ቅጠል መታ አድርገው የሚሰጡዎት የስግደት ቁጥር የዕለቱ ሥርዓት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያከማቹትን አይተካም። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት (ካህኑ ከኃጢአት የሚፈቱበት ጸሎት) ስለማይሰጥ ኑዛዜዎን ከሆሳዕና በፊት ይጨርሱ፤ ለፋሲካ ሊቆርቡ ካሰቡ ደግሞ ቀኖናው ጊዜ ይፈልጋልና በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ይሂዱ።