ሌሊት ጥርሱን ለሚያፋጭ ሰው የትኛው መከላከያ ይሻላል?

ባለቤትዎ ሌሊት ጥርሳቸውን እንደሚያፋጩ፣ ጠዋት ሲነሡም መንጋጋቸውንና ጆሮ ግንዳቸውን እንደሚያማቸው ገልጸው፣ በሙቅ ውሃ የሚለሰልሰውን የስፖርተኛ የጥርስ መከላከያ ቢገዙላቸው ወይስ ክሊኒክ ቢያሠሩላቸው እንደሚሻል ጠይቀዋል። የጥርስ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም እዚሁ ባሕር ዳር አሠርቼ ለዓመታት ስተኛ የማደርገው ስለሆነ፣ በራሴ ያየሁትንና ከሐኪሜ የተረዳሁትን እጽፋለሁ።

መከላከያው ማፋጨቱን አያስቀርም። እኔ ዛሬም አፋጫለሁ፤ ልዩነቱ የሚበላው ጥርሴ ሳይሆን ፕላስቲኩ መሆኑ ነው። የባጃጅ ፍሬን ሸራ ራሱ እያለቀ ሌላውን ዕቃ እንደሚያተርፍ ሁሉ፣ በመከላከያው ላይ ጭረትና ጎድጎድ ያለ ቦታ ሲታይ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል እንጂ ብልሽት አይደለም። ኢናሜል የሚባለውን የጥርስ ጠንካራ የውጭ ሽፋን ሰውነት ከተፋቀ በኋላ መልሶ አይሠራውም፤ ሽፋኑ ሲሳሳ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት ጭንቅ ይሆናል፣ ሙሌት ይረግፋል፣ አንዳንዴም ጥርሱ ራሱ ይሰነጠቃል።

የስፖርቱ መከላከያ የተሠራው ከውጭ የሚመጣን ምት ለማብረድ ስለሆነ ወፍራምና ለስላሳ ነው። አጥብቆ የሚያፋጭ ሰው ቶሎ ይበሳዋል፤ አንዳንዱም ለስላሳ ነገር አፉ ውስጥ ሲያገኝ መንከሱን ያባብሳል። ክሊኒኩ እስኪያደርስ ለጊዜው ቢጠቀሙበት አልቃወምም፤ የፊት ጥርሶችን ብቻ የሚሸፍነውን ዓይነት ግን ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ማድረግ ጥርሶችን ከቦታቸው ሊያንቀሳቅስና ንክሻን ሊለውጥ ስለሚችል አይግዙላቸው።

በክሊኒክ የሚሠራው አክሪሊክ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ሐኪሙ አፍ ውስጥ በሚረጋ ነገር የጥርሱን ልክ ይወስዳል፤ ከልኩ የጀሶ ቅርጽ ይወጣና መከላከያው በዚያ ላይ ይሠራል። የእኔ ልክ እዚህ ተወስዶ ሥራው አዲስ አበባ ስለተላከ ጥቂት መጠበቅ ነበረብኝ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን መከላከያው ደርሶ ሲመጣ የሚደረገው ማስተካከል ነው፤ ሐኪሙ ቀለም ያለው ስስ ወረቀት እያስነከሰ የትኛው ጥርስ ቀድሞ እንደሚነካ ያይና ከፍ ያለውን ቦታ ይሞርደዋል። ተቀብሎ ብቻ ወደ ቤት የሚሄድ ሰው አንዱ ጥርሱ ለብቻው ሸክሙን ሲሸከም ሊያድር ስለሚችል፣ ይህ ሳይደረግ ከክሊኒኩ አይውጡ።

በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ምራቅ ይበዛል፣ አንዳንዴም ሳያውቁት አውልቀው ትራስ ሥር ያገኙታል፤ ይህ ያልፋል። ጠዋት ካወለቁት በኋላ ንክሻው ለጥቂት ደቂቃ ልዩ ቢሆን አያስጨንቅም፤ ቀኑን ሙሉ ካልተመለሰ ግን ሐኪሙ ሊያየው ይገባል። ጽዳቱ ቀላል ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለዘብተኛ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ ይበቃል፤ የጥርስ ሳሙና ይጭረዋል። ውሃችንን አፍልተን መጠጣት ስለለመድን መከላከያውንም በፈላ ውሃ ለመዘፍዘፍ እጅ ይፈጥናል፤ ይጣመማል። በሚያዝያ ሙቀትም መስኮት ሥር ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተውት። አየር በሚያስገባ መያዣ ይቀመጥ፤ በሶፍት የተጠቀለለ መከላከያ ከቆሻሻ ጋር የሚጣለው በቤት ጠራጊ ጥፋት አይደለም።

ዘመዶችዎ ምክንያቱን ወስፋት ነው ማለታቸው በብዙ ቤት የሚሰማ ነገር ነው። ወስፋት በሰገራ ምርመራ ስለሚታወቅ ማስመርመሩ አይጎዳም፤ ነገር ግን በአዋቂ ሰው ላይ ይበልጥ የሚጠረጠሩት ጭንቀት፣ ማታ የሚጠጣ ቡና፣ አልኮል፣ ሲጋራ፣ ጫትና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ናቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት ሌላ የጤና ችግር በሌለበት ሰው ላይ ማፋጨትን እንደ በሽታ ሳይሆን በእንቅልፍ ጊዜ እንደሚታይ የጡንቻ እንቅስቃሴ ነው የሚገልጸው። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ያዘዘላቸውን ሐኪም ያማክሩ እንጂ በራሳቸው አያቋርጡ።

ባለቤትዎ የሚያንኮራፉ፣ መሃል ላይም ትንፋሻቸው ቆም ብሎ በድንገት የሚመለስ ከሆነ መከላከያ ከማሠራትዎ በፊት ይህንኑ ለሐኪም ይንገሩ። የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ የላይኛው ጥርስ መከላከያ ችግሩን ሊያባብሰው ይችላል፤ ለእነርሱ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ ሌላ ዓይነት መሣሪያ አለ።

በጥያቄዎ መጨረሻ ስለጠቀሱት ትንሹ ልጅዎ፦ የልጆች ማፋጨት ብዙውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር የሚተው ነው፤ መንጋጋቸው እያደገና ጥርሳቸው እየተቀየረ ስለሆነም መከላከያ ብዙ ጊዜ አይሠራላቸውም። አባቱ ለልክ ሲሄዱ ይዘውት ቢሄዱና ሐኪሙ በዚያው ቢያየው ይበቃል።