ሲጋራን በድብቅ ጀመራችሁት፣ በድብቅ አታቁሙት

የባሕር ዳር ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ዕድሜዬን በነርስነት ሠርቼ አሁን ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ሳንባ ካንሰር ልሰብክላችሁ አልመጣሁም። ፓኮው ላይ ያለውን ሥዕል አይታችሁታል፣ አይታችሁም ታጨሳላችሁ። ላወራችሁ የፈለግኩት ለማቆም እየሞከራችሁ ላላችሁት ነው። በተለይ ለብቻችሁ ለምትሞክሩት።

እኛ ጋ ሲጋራ ነውር ነው። አባት ፊት አይጨስም፣ ሰፈር ውስጥ አይጨስም። ስለዚህ ልጁ ወደ ጣና ዳር ይወርዳል፣ የዩኒቨርሲቲው የፔዳ ወይም የፖሊ ግቢ ተማሪ ከሆነም ከዶርም ጀርባ ጥግ ይፈልጋል፣ ከዚያ ማስቲካ ያኝካል፣ እጁን ይታጠባል፣ ቤት ሲገባ እናቱን ራቅ ብሎ ነው ሰላም የሚላት። ለሴቶቹማ ይብሳል፤ አንዲት ልጅ ማጨሷ ቢታወቅ የሚወራባትን ታውቃላችሁ። እንዲህ ተደብቆ የኖረ ሰው አንድ ቀን ላቁም ሲል ምን ያደርጋል? እሱንም ይደብቃል። ማጨሱን የማያውቁ ሰዎች ታዲያ ማቆሙን በምን ያግዙት? በሦስተኛው ቀን ሲነጫነጭ ቤተሰቡ "ይሄ ልጅ ምን ነካው?" ይላል፣ እሱም ተናዶ ይወጣል፣ የሚሄደው ደግሞ ወደዚያው ወደሚያጨስበት ቦታ ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ "ወኔ የለኝም" የሚሉኝ ብዙዎች ነበሩ። ቁጭ ብዬ ሳዋራቸው ብዙውን ጊዜ የጎደላቸው የሚያውቅላቸው ሰው ነበር።

ሦስተኛው ቀን ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ኒኮቲን በሳባችሁ በ10 ሰከንድ አካባቢ አንጎል ይደርሳል። አንጎል ይለምደዋል፣ ሲቀርበት ያኮርፋል። ንጭንጩ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ረሃቡ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ነው፤ ከዚያ እየቀለለ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኛው ያልፋል። ሐራራው ራሱም ቢሆን አንዴ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይሄዳል። ለእነዚያ ደቂቃዎች ደውሉ፣ ቆሎ ቆርጥሙ፣ በዘንባባው ሥር ትንሽ በእግራችሁ ሂዱ።

ለማን ልንገር? ለሁሉም አትንገሩ። አባት ቶሎ ቱግ የሚል ከሆነ ከእሱ አትጀምሩ። አክስት አለች፣ ታላቅ እህት አለች፣ የነፍስ አባት አለ፣ ሰፈር ውስጥም ወሬ የማያበዛ አንድ ጋሼ አይጠፋም። ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ግን አብሯችሁ የሚያጨስ ይሁን። ይሄን ስል የሚገርማቸው አሉ። አሜሪካ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ከ1971 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የተከታተለ ጥናት አለ። ሰዎች የሚያቆሙት በጓደኛና በዘመድ እየተያያዙ መሆኑን አሳይቷል። ጓደኛው ያቆመ ሰው የማጨስ ዕድሉ በ36 በመቶ ይቀንሳል፤ ባሏ ያቆመላት ወይም ሚስቱ ያቆመችለት ሰውማ በ67 በመቶ። እዚህም ያው ነው፤ አንድ ባጃጅ ተራ ላይ አንዱ ከተወ ሌሎቹ መጠየቅ ይጀምራሉ።

ደግሞ "አግዙኝ" ብቻ አትበሉ። ሰው ምኑን እንደሚያግዝ አያውቅም። ጓደኛችሁን "ብለምንህም እንዳትሰጠኝ" በሉት። እህታችሁን "ማታ ማታ ደውዪልኝ" በሏት። ቤት ውስጥ "ሁለት ሳምንት ብነጫነጭ ቻሉኝ" በሉ። ጫት ቤት የሚጠራችሁን ልጅ "ለጊዜው እዚያ አትጥራኝ፣ አሳ እንብላ ካልክ ግን አለሁ" በሉት። (ጫቱን እየቃሙ ሲጋራውን ብቻ ማቆም ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ ምርቃናው ራሱ ሲጋራ ይጠራል።) ዝግ ክፍሉ ውስጥ የሚጨስበት ካፌ ካጋጠማችሁም አስተናጋጁን ለመናገር አትፈሩ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዝግ በሆነ የሕዝብ መገልገያ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው።

ገንዘቡን ፍሬ በፍሬ ስለምታወጡት አይታወቃችሁም። ሦስት አራት ሆናችሁ እቁብ ጣሉበት። ያጨሰ ሰው ዕጣው ወደ መጨረሻ ይገፋ። ሳቁ፣ ግን ሞክሩት።

መቼ ልጀምር ለሚል፣ ፆም ጥሩ መነሻ ነው። ረመዳን ቀኑን ሙሉ ያለ ሲጋራ ያውላል። ዐቢይ ፆም 55 ቀን ነው። የሚያናድደኝ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ስንቱ ልጅ ያን ሁሉ ቀን ሳያጨስ ከርሞ ለፋሲካ ከቢራው ጋር አንድ ይለኩሳል! ሰውነቱ እኮ ከኒኮቲኑ ወጥቷል፣ የቀረው ልማዱና ጠረጴዛው ነው። ፆሙን ሁሉም ሰው ይዟችሁ ይወጣል፣ በዓሉ ላይ ግን ብቻችሁን ናችሁ። ስለዚህ እነዚያን ሁለት ሰዎች በሰሙነ ሕማማት አግኟቸውና ለፋሲካ ማታ የት እንደምታመሹ አብራችሁ ወስኑ።

ወላጆች ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ኪስ አትፈትሹ፣ አፍ አታሽትቱ። ልጁ ደፍሮ ከነገራችሁ ትልቁን ነገር አድርጓል። መሃል ላይ አንድ ቢያጨስ "ድሮም አውቄዋለሁ" አትበሉት። ብዙ ሰው የሚሳካለት ደጋግሞ ሞክሮ ነው። "የት ሆነህ ነው? ማን ነበር አብሮህ?" በሉት፤ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚጠቅመው መልሱ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ድብርቱ ወይም እንቅልፍ ማጣቱ ካልለቀቃችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ አታፍሩ። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው መድኃኒት በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ከገቡ ቆይተዋል፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማለት ነው፤ ፋርማሲስት ጠይቁ። ሺሻን ግን "ቀለል ያለ ነው" ብላችሁ እንዳትተኩበት። ኒኮቲኑም ካርቦን ሞኖክሳይዱም እዚያው ውስጥ አለ።