ልጆቹን ስለሚፈልግ አባት ፊልም ለጠየቅህ ወንድሜ

የጠፉ ልጆቹን ስለሚያፈላልግ አባት የሚተርክ፣ ብዙ ሰው ያላየው ፊልም እንድንጠቁምህ ጠይቀሃል። «ዘ ከት»ን እይ። የቱርክ ዝርያ ያለው ጀርመናዊው ፋቲህ አኪን የሠራው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2014 በቬኒስ ፌስቲቫል ቀርቦ ነበር። ብዙ ተቺዎች ፊት ነሱትና ተረስቶ ቀረ።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ናዝሬት ማኑጊያን በዛሬዋ ቱርክ ያለችው የማርዲን ከተማ አርመናዊ አንጥረኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915፣ የኦቶማን ቱርክ መንግሥት አርመኖችን በፈጀበት ጊዜ፣ ከቤቱ ተወስዶ መንገድ ሥራ ላይ ይሰማራል። በኋላ እንዲያርደው የታዘዘው ሰው እጁ አልጨክን ብሎት አንገቱን ቆረጥ አድርጎ ይተወዋል፤ ነፍሱ ትተርፋለች፣ ድምፁ ግን ይጠፋል። መንትያ ሴት ልጆቹ በሕይወት እንዳሉ ሲሰማ ኩባ ድረስ፣ ከዚያም አሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ድረስ ይከተላቸዋል። የልጆቹን ስም ጠርቶ መጠየቅ እንኳን የማይችል አባት! ናዝሬትን ሆኖ የሚጫወተው ታሃር ራሂም ሁሉንም በዓይኑ ይናገራል። ሶርያ፣ አሌፖ ከተማ ውስጥ ከሕዝቡ ጋር ሆኖ የቻፕሊንን ፊልም ሲያይ ሳቁ ወደ ልቅሶ የሚለወጥበትን ትዕይንት ልብ ብለህ ተመልከት። እኔ ለዚያ ብቻ ስል ደግሜ አየዋለሁ።

አርመኖቹ እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ መነጋገራቸው በእርግጥ ይጎረብጣል። ሆኖም በዚህ ምክንያት ፊልሙን መጣል ግፍ ነው። ለእኛ ደግሞ ሩቅ ታሪክ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው የሙዚቃ ጓድ አባላት፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ ከዚያው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ጊዜ ሲኖርህ ጀምረው።