ሽጉጥ መታጠቅ አልለመድ ላለህ፦ ከወገብህ ይልቅ መንገድህ ላይ አስብ

«ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ሽጉጥ ደብቄ የምይዝበት ፈቃድ ወጥቶልኛል። ግን ታጥቄ ስወጣ ሰው ሁሉ ወገቤን የሚያይ ይመስለኛል። ሱቅ ውስጥ ጎንበስ ማለት እንኳ ፈራሁ። የለመዳችሁት እንዴት ነው?» ላልከው ወንድሜ። እህት ከሆንሽም ይቅርታ፣ በወንድ ልጻፈው።

እኔም ሰሜን ቨርጂኒያ ነኝ። ለዓመታት ነዳጅ ማደያ ሌሊት ሠርቻለሁ። አሁንም ሱቁን ዘግቼ የቀኑን ሽያጭ ይዤ የምወጣው እኔው ነኝ። ያንተም ነገር እንዲሁ ይመስለኛል፤ ያለ ምክንያት ይህን ብረት ተሸክሞ የሚውል የለም። ስለ ተኩስና ስለ ሽጉጥ ዓይነት አላወራም። ኮርሱን ወስደሃል፣ ዩቲዩብም ሞልቷል።

1. መጀመሪያ ቤት ውስጥ ታጠቅ፣ ባዶውን። የጥይት ካዝናውን ከሽጉጡ አውጣ፣ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጥ። ከዚያ እንደታጠቅክ እቃ እጠብ፣ ጫማህን እሰር፣ ደረጃ ውጣ፣ ሶፋ ላይ ተቀመጥ። የት እንደሚቆረቁርህ፣ የትኛው ሸሚዝ ከኋላ እንደሚነሳ የምታውቀው እዚያው ሳሎንህ ውስጥ ነው። ጎንበስ ማለት ፈራሁ ላልከው፣ ከወገብ አትታጠፍ፣ ከጉልበትህ ዝቅ በል። በቃ ይኸው ነው። ሸሚዝህንም አንድ ቁጥር ከፍ አድርገህ ግዛ።

2. ሆልስተር (የሽጉጡ አፎት) እና ቀበቶ ላይ አትቆጥብ። በብዙ መቶ ዶላር ሽጉጥ ገዝቶ በአሥራ አምስት ዶላር የጨርቅ ሆልስተር ውስጥ የሚከት ሰው በጭራሽ አይገባኝም። እኔንም አንድ ሻጭ «ይሄ ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል» እያለ ሊያስይዘኝ ሞክሯል። ለሁሉም የሚሆን ለአንዱም አይሆንም ብዬው ወጣሁ። ጠንካራውን ፕላስቲክ፣ ካይዴክስ የሚሉትን፣ ለራስህ ሽጉጥ ልክ የተሠራውን ፈልግ። ምላጩን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ሽጉጡ ሲወጣ የሆልስተሩ አፍ መጨማደድ የለበትም። ስትታጠቅም ሽጉጡን መጀመሪያ ሆልስተሩ ውስጥ አስገባና አንድ ላይ ወገብህ ላይ አስረው። ሱሪህ ውስጥ ወዳለ ሆልስተር ሽጉጡን በጭፍን ስትከት የሸሚዝ ጫፍ ምላጩ ጋ ከገባ፣ እግርህን ትመታለህ። ቀበቶው ደግሞ ለዚሁ የተሠራ፣ የማይተጣጠፍ ይሁን። «ከበደኝ፣ ሱሪዬን ጎተተው» ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ የከበዳቸው ሽጉጡ አይደለም፣ ቀበቷቸው ልፍስፍስ ነው።

3. እጅህን ሰብስብ። ሰው ወገብህን አያይም፤ ስልኩን ነው የሚያየው። የሚያጋልጥህ በየደቂቃው ክርንህን ወደ ጎንህ ማስጠጋትህ፣ ሸሚዝህን መጎተትህ፣ «አለ?» እያልክ መዳሰስህ ነው። አንዴ ከቤት ስትወጣ አስተካክለው፣ ከዚያ እስክትመለስ አትንካው። ሸሚዝህ ሳታስበው ቢነሳ ደግሞ ዓለም አይገለበጥም። ቨርጂኒያ ውስጥ በብዙ ቦታ ሽጉጥ በግልጽ መያዝም ይቻላል። ሰው ለማስፈራራት ገልጠህ ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ወንጀል ነው። መጸዳጃ ቤት ስትገባም አውጥተህ ሌላ ቦታ አታስቀምጠው። ከሆልስተሩ ሳታወጣው ሱሪህ ውስጥ እንዳለ ይቆይ። ሕዝብ በሚጠቀምበት መጸዳጃ ቤት ታንኩ ላይ ረስተውት የሄዱ ሰዎች ታሪክ ማለቂያ የለውም።

4. የእኛ ሰው ሰላምታ። ይህን የትኛውም አሜሪካዊ አስተማሪ አይነግርህም። ፈረንጁ በእጁ ይጨብጥሃል፣ አለቀ። የእኛ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይጋጭሃል፣ ጀርባህን ይመታሃል፣ አክስትህ ደግሞ ወገብህን ጥርቅም አድርጋ ይዛ አትለቅህም። «ምንድነው ይሄ ልጄ?» ያለችህ ቀን ምን ትላለህ? እኔ ቀድሜ ሁለት ትከሻቸውን እይዛለሁ፤ እጃቸው ከላይ ይቀራል። ሰርግና ለቅሶ ግን ይዤ አልሄድም። ቤተ ክርስቲያንም አልይዝም። ሰግደህ ስትነሳ ሽጉጥ ከጎንህ ሲወጣ ከማየት የከፋ ምን አለ? እዚህ ላይ የማይስማሙኝ አሉ፤ ይሁኑ።

5. ድልድዩ። እዚህ ጋ ተራ ቁጥሩን እተወዋለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

አንተ የጠየቅከው «እንዴት ልልመደው» ነው። ሰውነትህ ይለምደዋል፣ አትስጋ። ቀበቶህ ጥሩ ከሆነ ብዙም አይቆይም። ችግሩ ያኔ ነው የሚጀምረው፣ ምክንያቱም የለመድከውን ነገር ትረሳዋለህ። በ2023 ብቻ በአሜሪካ ኤርፖርቶች ፍተሻ ላይ ከ6,700 በላይ የጦር መሣሪያ ተይዟል። አብዛኞቹ ጥይት ነበራቸው። እነዚህን ሰዎች ብትጠይቃቸው ብዙዎቹ «ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን ረስቼው» ነው የሚሉህ። ሌባ ወይም አሸባሪ አይደሉም። የለመዱ ሰዎች ናቸው።

ጓደኛዬም የለመደ ሰው ነበር። ከእኔ በፊት ፈቃድ ያወጣ፣ ከእኔ የተሻለ የሚተኩስ፣ ረጋ ያለ ልጅ። አንድ ቅዳሜ ማታ እዚሁ ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ጓደኞቹን ሊያገኝ ሄደ። የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ ተሻገረ። ከመኪናው የኋላ መብራት አንዱ አይሠራም ነበር። ፖሊስ አስቆመው። ልጁ በኩራት የቨርጂኒያ ፈቃዱን አውጥቶ ሰጠው፣ «ታጥቄያለሁ፣ ፈቃዴ ይኸው» ብሎ። ያ ፈቃድ ዲሲ ውስጥ ዋጋ የለውም። ሜሪላንድም እንደዚያው። ሁለቱም የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበሉም። ዲሲ ውስጥ ያለ ከተማዋ የራሷ ፈቃድ ታጥቆ መገኘት እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ከባድ ወንጀል ነው። እንግዲህ እጁን በካቴና የታሰረው ፈቃዱን በገዛ እጁ አቅርቦ ነው።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ልጁ ግሪን ካርድ ነበር። የኢሚግሬሽን ሕጉ ላይ፣ በጦር መሣሪያ ጥፋት መፈረድ ራሱን የቻለ ከአገር የማስወጫ ምክንያት ነው። ማንንም አለመጉዳትህ፣ ለዓመታት ታክስ መክፈልህ፣ ልጆችህ እዚህ መወለዳቸው ያንን ምክንያት አይሰርዘውም። ስለዚህ አንድ የወንጀል ጠበቃ፣ አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቀጠረ። ሁለቱም በሰዓት ነው የሚያስከፍሉት። ክሱ ሽጉጥ የሚል ቃል ወደሌለበት ጥፋት እስኪወርድ ድረስ ለቤት መግዣ ያጠራቀመው ገንዘብ አለቀ። ሽጉጡም አልተመለሰለትም። የዜግነት ማመልከቻውም ተንጠልጥሎ ቀረ። ሚስቱ አሁንም ድረስ «መብራቱን ቀይር ብዬው ነበር» ትላለች። እኔ ከመብራቱ በፊት ሌላ ነገር ነበር የሚታየኝ፣ ግን ለእሷ አልነገርኳትም።

አንተም ግሪን ካርድ ከሆንክ ከላይ ያለውን አንቀጽ ሁለቴ አንብበው። ተማሪ ወይም ጎብኚ ቪዛ ላይ ያለ ዘመድህ ደግሞ ጭራሽ እንዳይነካው። በፌዴራል ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ነገሮች በቀር፣ መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም።

ድልድይ ስል ደግሞ ወደ ዲሲ የሚያስገባውን ትልቁን የፎርቲንዝ ስትሪት ድልድይ ብቻ እንዳይመስልህ። ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ልትበላ በዊልሰን ድልድይ ስትሄድ ሜሪላንድ ገብተሃል። መሃል ላይ ደግሞ ድልድዩ የዲሲን ጫፍ ይነካል። ከዚህ የባሰው የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ነው። ከወንዙ በቨርጂኒያ በኩል እየነዳህ፣ ፔንታጎንን በጎን እያየህ፣ ምንም ትልቅ ድልድይ ሳትሻገር ዲሲ ውስጥ ትገባለህ። እዚያ ያለችው ኮሎምቢያ ደሴት የዲሲ መሬት ናትና። ጂፒኤስህ ይህን አያውቅም፣ አይጨነቅልህምም። ትራፊክ ሲበዛ «ሦስት ደቂቃ ያተርፍልሃል» ብሎ ይመራሃል።

ስለዚህ እኔ ጠዋት ቁልፌን ሳነሳ የማስበው «ዛሬ የት ድረስ ነው የምሄደው?» ብዬ ነው። መልሱ ውስጥ ዲሲ ወይም ሜሪላንድ ካለ ሽጉጡ ቤት፣ በሚቆለፈው ካዝና ውስጥ ይቀራል። የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ (ትራንክ) ውስጥ ከትቼ ልሂድ አልልም። የፌዴራሉ ሕግ ሽጉጡን ባዶውን፣ ከተሳፋሪ እጅ አርቆ ይዞ፣ ስቴቱን አቋርጦ ለሚያልፍ መንገደኛ ከለላ ይሰጣል፤ እንጀራ ልትበላ ለምትሄድ አይደለም። በኋላ ግን የሥራ ነገር ሲያስገድደኝ የሜሪላንዱን ፈቃድ ለብቻው አወጣሁ። 16 ሰዓት ሥልጠና ነው፣ ቀልድ የለውም። ከ2022 በፊት «በቂ ምክንያት አቅርብ» እያሉ ነበር የሚመልሱህ። በዚያ ዓመት ሰኔ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኒው ዮርክ ጉዳይ ያንን ጥያቄ ሲሽረው ነው በሩ የተከፈተው።

ያው የጠዋቱ «የት ነው የምሄደው?» ቨርጂኒያ ውስጥም ያገለግላል። የልጅህ ትምህርት ቤት ግቢ? ታጥቀህ አትግባ። የኢሚግሬሽን ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቀጠሮ? የፌዴራል ሕንፃ ነው፣ ቤት ይቅር። እሁድ ኳስ የምንጫወትበት መናፈሻ? ከ2020 ወዲህ ከተሞችና ካውንቲዎች መናፈሻዎቻቸው ውስጥ መከልከል ይችላሉ። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ ከልክለዋል። ሬስቶራንት ገብተህ ቢራ ካማረህ ደግሞ ምረጥ። ደብቀህ እንደታጠቅክ መጠጥ በሚሸጥበት ሬስቶራንት መጠጣት በቨርጂኒያ ወንጀል ነው። አንድ ብርጭቆም ቢሆን። ኡበር የምትነዳ ከሆንክ ደንባቸው ሹፌሩም ተሳፋሪውም እንዳይታጠቅ ይከለክላል። ከተያዝክ አካውንትህን ይዘጉታል።

ፖሊስ ካስቆመህ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሳትጠየቅ የመናገር ግዴታ የለብህም። ሲጠይቅህ ግን ፈቃዱንና መታወቂያህን ማሳየት አለብህ፣ ስለዚህ ሁለቱም ካንተ አይለዩ። እኔ ዋሌቴን ሽጉጡ ባለበት በኩል አላደርግም። ሞተሩን አጠፋለሁ፣ የውስጥ መብራት አበራለሁ፣ ሁለት እጄን መሪው ላይ አደርጋለሁ። መንጃ ፈቃዱን ሲጠይቅ የሽጉጡን ፈቃድ አብሬ እሰጣለሁ። ፈቃድህ በስቴቱ ፖሊስ መዝገብ ውስጥ ስላለ እሱም ሊያየው ይችላል። ከእኔ አፍ ቢሰማው እመርጣለሁ። በ2016 ሚኔሶታ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል ፈቃድ ነበረው፣ መታጠቁንም በትህትና ተናገረ፣ ሆኖም መኪናው ውስጥ ተተኩሶበት ሞተ። ፖሊሱም በነፃ ተለቀቀ። ለእኛ መልክ ላለው ሰው ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። «ይኸው ላሳይህ» ብለህ እጅህን ወደ ወገብህ እንዳትሰድ። እሱ «አውጣ» ቢልህ እንኳ «የት እንዳለ ልንገርህ፣ አንተ አውጣው» በለው።

ቤት ውስጥ ልጆች ካሉህ በጣት አሻራ የሚከፈት ትንሽ ካዝና ግዛና ከመግቢያው በር አጠገብ ግድግዳ ላይ እሰረው። ገብተህ ጃኬትህን ሳታወልቅ እዚያ ይግባ። ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ በግድየለሽነት መተው በራሱ ያስከስሳል። መሳቢያ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ላይ የሚባል ነገር የለም። ልጅ የማያገኘው ቦታ ቤት ውስጥ የለም።

አሁን የመጨረሻው። ፈቃዱ እጅህ ስለሆነ ላይመለከትህ ይችላል፣ ግን ሳልናገረው ካለፍኩ ያንቀኛል። ማመልከቻዬን ይዤ የሄድኩበት ፍርድ ቤት አንዲት ጸሐፊ ነበረች። የአባቴ ስም «ገብረ» ብሎ የሚጀምር ነው። መታወቂያዬ ላይ ተጣብቆ፣ የኮርሱ ሰርተፊኬት ላይ ተለያይቶ ተጽፏል። «ይሄ አንተ አይደለህም» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ ለባልደረባዋ «የሽጉጥ ፈቃድ የሚፈልገው ሰውዬ ስሙ አልገጠመም» አለች። መደዳውን የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምስጢር አድርገህ እንድትይዘው የሚሰጥህን ፈቃድ በጩኸት ስትጠየቅ እንዴት እንደሚሰማ አስበው።

ሰርተፊኬቱን አሳርሜ ተመለስኩ። 50 ዶላሬን ከፈልኩ፤ ሕጉ ከዚያ በላይ አያስከፍልም። ጠበቅኩ። ጊዜው አለፈ። ስደውል «ወረፋ ነው» ትለኛለች። ሕጉን አትሜ ሄድኩ። ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ጸሐፊዋ ማመልከቻው ላይ ቀኑ ማለፉን አረጋግጣ መስጠት አለባት፣ ያ ወረቀትም እስከ 90 ቀን በጊዜያዊ ፈቃድነት ያገለግላል። መስመሩን በቢጫ ቀለም አቅልሜ አስቀመጥኩላት። አነበበች፣ ኃላፊዋን ጠራች፣ ኃላፊዋም አነበበ። ይቅርታ የሚል አልነበረም። ወረቀቱ ግን ማኅተም ተመታበት። አሁን ከሱቃችን ሦስት ልጆች ፈቃድ ሲያወጡ ያንኑ ገጽ ከእኔ ኮፒ አድርገው ነው የሄዱት።

ፈቃድህ 5 ዓመት ነው የሚያገለግለው። ማብቂያ ቀኑን ዛሬውኑ ስልክህ ላይ ያዘው። ከ180 ቀን እስከ 90 ቀን ሲቀረው ማደሻውን ማስገባት ትችላለህ፣ በፖስታም ይሆናል። እኔ በፖስታ ነው የላክሁት። ስሜን ሁሉም ወረቀት ላይ አጣብቄ።